የመብረቅ ምሳር

ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ቡሬ

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ልጻፈው። የመብረቁን ምሳር ከባሌ እኅት ከጥሩነሽ ቤት የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ባሏ ሲያርስ ያገኘው፣ ምሳር የመሰለ ስለታም ጥቁር ድንጋይ ነው። ከመብረቅ ጋር ከሰማይ ይወርዳል፤ ክዳኑ ውስጥ የተሸጎጠበትን ቤት መብረቅ አይነካውም ይባላል። ያን ክረምት ልጆቼ ሕፃናት ነበሩ፤ ፈራሁና ወሰድሁት። ነሐሴ ላይ የጥሩነሽ ቤት በመብረቅ ነደደ። ሴት ልጇ ውስጥ ነበረች።

ዛሬ ጣሊያኖች ጠመንጃ ፍለጋ ክዳኔን ሲበረብሩ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አወረዱት።

«እሜቴ፣ በዚህ ነው የሚዋጉን?» አለ አስተርጓሚው እየሳቀ።

መኮንኑ ግን አልሳቀም። ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ብዙ አወራ።

«የመብረቅ አይደለም ይላሉ። ብረት ሳይታወቅ የጥንት ሰው ለእንጨት መቁረጫ ስሎ የሠራው ነው» አለኝ አስተርጓሚው። መኮንኑ ድንጋዩን ኪሱ ከቶ ሄደ።

ሰው የሠራው ከሆነ፣ ድንጋዩ ከጥሩነሽ ቤት ባይወጣም አያድናትም ነበር፤ ልጅቱን አልገደልኋትም ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ይህን ለራሴ ብደጋግመውም አልቀለለኝም። ስወስደው ያድናል ብዬ አምኜ ነው። መብረቁ የእኔን ትቶ የእሷን ቢመታ ይሻላል ብዬ ነው።

አመሻሽ ላይ ጥሩነሽ ሰምታ መጣች።

«ምን ወሰዱብሽ፣ እቴ?»

«ድንጋይ» አልኋት።

«ድንጋይ ከሆነስ ተመስገን» አለችና የተበተነውን የክዳን ሣር ትለቅምልኝ ጀመር።

ይህን ወረቀት የምሰጠው ለእሷ ነው። ፊደል ስለማታውቅ ራሴ አነብላታለሁ።