ወገቤና የመስጊዱ ወንበር

ሰኞ

ሠላሳ ሦስት! እንዲህ ያለ ሞኝነት በሃምሳ ሁለት ዓመቴ። የወገብ ስፖርት የምታሠራኝ ሰላማዊት «ጋሽ ሸምሱ፣ አሥር ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ እረፍት» ብላኝ ነበር። ቁጥሩ እንዳይጠፋብኝ ብዬ መቁጠሪያዬን፣ ሙስበሃዬን ይዤ በጀርባዬ ተኛሁ። ጣቴ የለመደው ዚክር፣ የአላህን ስም መቁጠር ነውና አሥር ላይ መች ይቆማል? ፍሬው እስኪያልቅ ወገቤን ሳነሳ ሳወርድ ሠላሳ ሦስት ሞላሁ። ከሰዓት በርበሬ መመዘን እንኳ አቃተኝ። ባለቤቴ ነፊሳ ሱቁን ዘግታ ደግፋ ወደ ቤት መለሰችኝ።

«ስፖርት ነው ዚክር ያደረግከው?» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። በዚህ ጁምዓ እንደ ሰው ቆሜ፣ ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ ልሰግድ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ሰባት ወር ሙሉ ከኋላ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወንበር ላይ ነው የሰገድኩት።

ማክሰኞ

አልጋ ላይ ልውል አስቤ ነበር። ግን ጆንያ ሳነሳ ወገቤን የያዘኝ ጊዜ ሁለት ወር ተኝቼ ምን አተረፍኩ? ይባስ ደረቅኩ እንጂ። ተነስቼ ሰላማዊት ጋ ሄድኩና እውነቱን ተናዘዝኩ። ትቆጣኛለች ስል፣ «የዛሬ ስድስት ሳምንት እኮ ሦስት እንኳ አይችሉም ነበር» አለችኝ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ምን አስቸኮለዎት?» ስትል የጁምዓውን ነገርኳት። ከጎንደር የመጣች ክርስቲያን ናት፤ «እስቲ አሰጋገዱን ያሳዩኝ» አለች። ወረድኩ። መነሳቱ ላይ ተያዝኩ። አጎንብሳ አየችኝና ትንፋሼን እያወጣሁ፣ ክብደቱን ወገቤ ሳይሆን ጭኔ እንዲሸከም አድርጌ መነሳት አስተማረችኝ።

ረቡዕ

የዛሬው፦
ጠዋት አሥር፣ ማታ አሥር። በጣት ተቆጥሮ!
በእግሬ እስከ ገበያ ደርሼ ተመለስኩ፤ ባጃጅ የለም።
ከምንጣፍ መነሳት፦ አራት ጊዜ። ሁለቱ በነፊሳ እጅ፣ ሁለቱ በራሴ።

ወገቤ ይሰማኛል፣ ግን የሰኞው ዓይነት አይደለም። አንድ ደንበኛ ከእንሴኖ መጥቶ «ቀና ብለሃል» አለኝ። ቀኑን ሙሉ ቀና እንዳልኩ ዋልኩ።

ሐሙስ

ፈራሁ። ሰው መሃል ወርጄ መነሳት ቢያቅተኝስ? ጎትተው ሲያነሱኝ ታየኝ። ነፊሳን «ለሚቀጥለው ጁምዓ ባደርገውስ?» አልኳት። «እንደፈለግክ» አለችና ነጩን ጀለቢያዬን መተኮስ ጀመረች። 

ዓርብ

መስጊድ ስገባ ጨርቅ ነጋዴው ከድር እንደ ልማዱ ወንበሬን ሊያመጣልኝ ተነሳ። «ተወው» አልኩትና ሰልፉ ውስጥ አጠገቡ ቆምኩ። ዓይኑን አፈጠጠብኝ።

ወረድኩ። ተነሳሁ። በሁለተኛው ላይ ቆንጠጥ አደረገኝ፤ ትንፋሼን አወጣሁ፣ ጭኔን ጫን አልኩ፣ ተነሳሁ። ማንም አልያዘኝም።

የጀማዓው ሶላት ካበቃ በኋላ ለብቻዬ ትርፉን ሶላት፣ ሱናውን ሰገድኩ። ግንባሬ ምንጣፉ ላይ እንዳለ እንባዬ መጣ፤ ብዙ ቆየሁ። ስጨርስ ከድር ከጎኔ ተቀምጦ እየጠበቀኝ ነው፣ ፊቱ ተጨንቋል።

«ሸምሱ፣ ወገብህ ያዘህ እንዴ? መነሳት አቅቶህ ነው?»

«አይ» አልኩት። «ናፍቆኝ ነው።»