መቀነቱ ይፈታ፦ የወይዘሮ አምሳለች ኃይለ ጊዮርጊስ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አምሳለች ኃይለ ጊዮርጊስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ዘለለው በጥቅምት ወር 1924 ዓ.ም. በቢቸና አውራጃ፣ ከከተማው ብዙም በማይርቅ የገጠር ደብር ተወለዱ።

የሕይወት ታሪክ በቀብር ላይ ሲነበብ አጠር ብሎ ማንንም ሳያስቀይም ቢያልፍ ደግ እንደሆነ ይታወቃል። ይህኛው እንዲያ አይደለም። ወይዘሮ አምሳለች ያረፉት አንድ ነገር ለምነው ሳይፈጸምላቸው ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ከሞጣ ሊጠይቋቸው የመጡ ዘመዶች አንዲት ሕፃን አዝለው ነበር፤ የሕፃኗ ራስ ከግንባር እስከ ማጅራት በመቀነት ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። ወይዘሮ አምሳለች መቀነቱ እንዲፈታ ለመኑ። እስከ ትናንት ድረስ እንዳልተፈታ ሰምተናል። እነዚሁ ዘመዶች ዛሬ ለቀብር እንደሚመጡ ስለላኩብን፣ ታሪካቸው እንደሚከተለው በሙሉ ተጽፏል።

ወይዘሮ አምሳለች በልጅነታቸው ከአባታቸው ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። ለሴት ልጅ ምን ያደርግላታል ያሉ ነበሩ፤ መሪጌታ ግን አልሰሟቸውም። በ1941 ዓ.ም. ከሞጣው ነጋዴ ከአቶ ጓዴ ይርሳው ጋር በተክሊል ጋብቻ ፈጽመው ወደ ሞጣ ሄዱ። የአቶ ጓዴ እናት ወይዘሮ ይርጋነሽ ራስ በማበጀት የታወቁ ነበሩ። በዚያ አካባቢ ልጅ ሲወለድ እርግብግቢቱ ላይ ቅቤ ይደረግና ራሱ እየታሸ ክብ እንዲሆን ይደረጋል። አፍንጫውም ይሳባል። ወይዘሮ ይርጋነሽ ለዚህ ሥራ እስከ ሩቅ ቀበሌ ድረስ በበቅሎ ይወሰዱ ነበር።

በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ባንቺዓለም ተወለደች። አልጋው ከግድግዳ የተጠጋ ስለነበረ ሕፃኗ ሁልጊዜ ወደ በሩ ብርሃን ዞራ ትተኛለች፤ በዚህም የራሷ ቀኝ ጎን እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ሆነ። አያትዋ በቅቤ አሿት። ሕፃኗም ከፍ ስትል፣ መታዘልና መቀመጥ ስትጀምር፣ ራሷ ሞላ። ወይዘሮ ይርጋነሽ "በእጄ አበጀሁት" አሉ፤ አገሩም አመነ። በእጃቸው የተበጀ ነገር አልነበረም። ልጅቱ በዚያ ጎን መተኛቷን ስለተወች ራሷ በራሱ ጊዜ ተስተካከለ። ይህን የምትጽፈው ያቺው ባንቺዓለም ናት። የእርሷ ራስ መሙላት ለወይዘሮ ይርጋነሽ ስም አተረፈ፤ በዚያም ስም ምክንያት ወንድሟ ሞተ።

ስማቸው የተባለው ይህ ወንድሟ በኅዳር 1946 ዓ.ም. ተወለደ። የእርሱ ራስ ጠፍጣፋ አልነበረም፤ ከጎንና ከጎን ጠበብ ብሎ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የረዘመ ነበር። መሐል አናቱ ላይ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ የሚቆም አጥንት ነበረው። ወይዘሮ ይርጋነሽ "እናትየው አስተኛኘት አታውቅም፤ እንደ እኅቱ አበጀዋለሁ" ብለው የረዘመውን ለማሳጠር ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ በመቀነት አሰሩት። ልጁ ማስመለስና ሌት ተቀን ማልቀስ ጀመረ። ሲያለቅስ መቀነቱ ይበልጥ ጠበቀ። ቅቤው ከመቀነቱ ሥር ሻገተ። በመጨረሻም ሕመም ገብቶበታል ተባለና ራሱ በጋለ ብረት ተተኮሰ። ቁስሉ መገለ።

የዚያን ቤት ሽታ ባንቺዓለም በልጅነት አፍንጫዋ ታስታውሰዋለች። የሻገተ ቅቤና መግል ነው። ሊያዩት የመጡት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ከደጅ "እግዜር ይማረው" እያሉ ይመለሱ ነበር፤ ከእነርሱ አንድ እንኳ መቀነቱን ፍቱት ያለ የለም። እናቱ ብቻ ከደረታቸው አላወረዱትም። ስማቸው በሐምሌ 1946 ዓ.ም. ሞተ። ሐዘኑ ሳይወጣ በዚያው ቤት የተባለው "ክፉ እግር ያላት ሴት" የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ ወይዘሮ አምሳለች ለበዓልም ሆነ ለሠርግ ጸጉራቸውን ቅቤ ተቀብተው አያውቁም። የቢቸና ሴቶች ኩራት ይመስላቸው ነበር። የቅቤ ሽታ አልቻሉም እንጂ ኩራት አልነበረም።

ትናንት ወይዘሮ አምሳለች እንዳረፉ፣ በዚህ ጽሑፍ ላይ ሕፃኑ ስማቸው በፈንጣጣ እንደሞተ ይጻፍልን የሚል መልእክት ከሞጣ በሽማግሌ መጥቶልናል። ፈንጣጣ ስማቸውን አልነካውም። አስከሬን ሳይገነዝ ውሸት የሚደራደር ሰው ያስጸይፋል።

በመጋቢት 1950 ዓ.ም. ሁለተኛው ወንድ ልጅ ተወለደ። ራሱ እንደ ስማቸው ነበር። አያቱ ሲያዩት "ደግሞ መጣ" አሉ። እናቱ ውበቴ ብለው ስም አወጡለት፤ ይህም በቤቱ ውስጥ ያሳቃቸው አልጠፋም። የክርስትናው ዕለት እንግዳው እየበላ ሳለ ወይዘሮ አምሳለች ከጓዳ ሲገቡ፣ ታጥቦ የታጠፈ አዲስ መቀነትና አንድ ቅል ቅቤ ተዘጋጅቶ አዩ። በማግስቱ ልጁን አዝለው፣ ባንቺዓለምን በበቅሎ ጭነው፣ ወደ አባታቸው ቤት ወደ ቢቸና ጉዞ ጀመሩ።

በዚያን ጊዜ በቢቸና ከሐረርጌ ተመድበው የመጡ አቶ አብዶሽ የሚባሉ የጤና መኮንን ነበሩ። ወይዘሮ አምሳለች ልጁን ይዘው ገቡና የሞተውንም ያለውንም ተናገሩ። አቶ አብዶሽ ብዙ ጠየቁ፤ የልጁን አናት በጣታቸው ከፊት ወደ ኋላ ዳሰሱ። ከዚያም ሁለቱን እጆቻቸውን አጋጥመው እያሳዩ አስረዷቸው። የሕፃን ራስ አንድ አጥንት አይደለም፤ ብዙ አጥንት ተገጣጥሞ የቆመ ነው፤ መጋጠሚያው ሳይዘጋ የሚቆየው አንጎል እንዲያድግ ነው። አንዱ ልጅ ራሱ ጠፍጣፋ የሚሆነው ከአተኛኘት ነው፤ እርሱን ማገላበጥ፣ ነቅቶ ሳለ እያዩት በሆዱ ማስተኛትና ማዘል ይበቃዋል። ሌላው ግን የመጋጠሚያው አንዱ መስመር ጊዜው ሳይደርስ ስለሚዘጋ ነው። አናቱ ላይ የተዘጋበት ልጅ ራሱ ወደ ጎን መስፋት አይችልምና ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያድጋል። ይህን ማሸትም ማገላበጥም አይመልሰውም። ከፊትና ከኋላ ማሰር ደግሞ ለአንጎሉ የቀረውን መንገድ መዝጋት ነው።

ወይዘሮ አምሳለች ይህን ሲሰሙ አላለቀሱም። "እንግዲያ ስማቸው በየት በኩል ይደግ ኖሯል?" ብለው ጠየቁ።

አቶ አብዶሽ መጋጠሚያውን የሚከፍት ሐኪም በአገሩ እንደማያውቁም አልሸሸጉም። ልጁ የሚያይ፣ የሚሰማ፣ የሚስቅ ስለሆነ ራሱን ማንም እንዳይነካበት፣ ካስመለሰው ወይም ዓይኑ ወጣ ወጣ ካለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲወሰድ አዘዙ። በዘር ሊመጣ እንደሚችልም ነገሯቸው። በዚህ ጊዜ ወይዘሮ አምሳለች የአቶ ጓዴን አጎት አስታወሱ። እኒያ ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ጥምጥማቸውን ሳያወልቁ የኖሩት ለምን እንደሆነ በቤቱ የማያውቅ አልነበረም። ሁሉም እያወቀ ጥፋቱን በእናትየው አስተኛኘት ላይ ጣለ።

አቶ ጓዴ ሽማግሌ ላኩ። ወይዘሮ አምሳለች "አማቴ የልጄን ራስ እንዳይነኩ በታቦት ፊት ይማሉልኝና ነገውኑ እመለሳለሁ" አሉ። ወይዘሮ ይርጋነሽ "ስንቱን ራስ ያበጀሁ ሴት ለአንዲት ምራት ልማል? የእስላም እጅ የዳሰሰውን ልጅ እዚያው ታሳድገው" ብለው መለሱ። አቶ ጓዴ ከእናታቸው ጋር ተስማምተው ዝም አሉ። ዝምታቸው ከእናታቸው ንግግር የባሰ አስቀያሚ ነበር። ጋብቻው በዚያው ፈረሰ።

ወይዘሮ አምሳለች በቢቸና የልብስ ስፌት ተምረው በመኪና እየሰፉ ሁለቱን ልጆቻቸውን አሳደጉ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የዲያቆን ቀሚስ፣ የሕፃናት ቆብ ይሰፉ ነበር። የሕፃን ራስ እንዴት እንደሚያድግ ለእናቶች ሲያስረዱም ከሥራቸው ነበር የሚያስረዱት፦ አንዱ ስፌት ቀድሞ ከተያዘ ጨርቁ በሌላ በኩል መወጠሩ አይቀርም ይሉ ነበር። ቆብ ሊሰፋለት የመጣ ሕፃን ሁሉ አናቱ ሳይዳሰስ አይመለስም ነበር። አብዛኛውን "አገላብጪው፣ ምንም የለበትም" ብለው ይሸኙት ነበር።

ለውበቴ ግን ቆብ ሰፍተውለት አያውቁም። ዘመድ ሁሉ ራሱን ይሸፍንበት እያለ ሲጨቀጭቃቸው "ልጄ የሰረቀው ነገር የለም፤ ምን ይደብቃል?" ይሉ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገባ ልጆች ቅል ብለው ሰደቡት። ይህስ የልጅ ነገር ነው። ገና አፉን ሳይከፍት ራሱን ብቻ አይቶ ከኋላ ወንበር ያስቀመጠው አስተማሪ ግን ምን ይባላል? ውበቴ ዛሬ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ዳዊቱንም ከአያቱ ከመሪጌታ ጨርሷል።

ወይዘሮ አምሳለች ባለፈው ዓመት በጉበት ሕመም ታመው በሐኪም ሲረዱ ቆዩ። በታኅሣሥ 1966 ዓ.ም. አቶ ጓዴ፣ ወይዘሮ ይርጋነሽና የአቶ ጓዴ ባለቤት ወይዘሮ ስሜነሽ ሊጠይቋቸው መጡ። በመቀነት የታሰረችው ሕፃን የአቶ ጓዴና የወይዘሮ ስሜነሽ ልጅ የሺእመቤት ናት፤ ለባንቺዓለምና ለውበቴ እኅታቸው ማለት ናት። ወይዘሮ አምሳለች ሕፃኗን ተቀብለው በመቀነቱ ሥር ጣታቸውን አስገብተው አናቷን ዳሰሱ። ያ አጥንት ነበረ። "የኔ ልጅ፣ ይኸ ከአተኛኘት የመጣ አይደለም። ፍቺላት። እኔ ሳልፈታ ቀብሬያለሁ" አሏቸው። ወይዘሮ ስሜነሽ የአማታቸውን ፊት አዩ። ወይዘሮ ይርጋነሽም "የታመመ ሰው ብዙ ይናገራል" ብለው ሕፃኗን ተቀብለው፣ የላላውን መቀነት እዚያው አልጋው አጠገብ አጠበቁት።

ከዚያ ቀን በኋላ ወይዘሮ አምሳለች ስለ ራሳቸው ሕመም አንድም ቀን አላነሡም። የሚጠይቁት ከሞጣ ሰው መጥቶ እንደሆነ፣ ሕፃኗም ታስመልስ እንደሆነ ነበር። ጥር 18 ቀን 1966 ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ሁለት ዓመታቸው በቢቸና በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። አባታቸው መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ልጃቸው መምህርት ባንቺዓለም ጓዴና ልጃቸው ውበቴ ጓዴ በሕይወት አሉ። ልጃቸው ስማቸው ቀድሟቸዋል።

አምላክ የእናታችንን ነፍስ ስማቸው ካለበት ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም ራሱ ሳይታሰር ያግኙት።

አሁን አፈሩ ከመመለሱ በፊት ውበቴ ራሱን ገልጦ ከእናቱ ራስጌ ይቆማል። ማየት የፈለገ ይየው። ስሜነሽ ሆይ፣ አንቺ ግን ቅረቢና በእጅሽ ዳስሺው፤ ከዚያ የአማትሽን ፊት ሳታዪ መቀነቱን ፍቺላት።