እንደ ራሴ የያዝኩት ፍሪጅ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ባልዲ ስታነሺ ይይዝሻል? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ካለፈው ወር ይልቅ ደከመ ብለሽ ከላክሽብኝ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ እሷ ዘንድ ነው። ጋሼ ደህና ነው? ልጆቻችሁስ አደጉ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ። ሥራም አለኝ፤ የደንብ ልብስ በምንሰፋበት ቤት አሁንም ኮሌታ ላይ ነው ያስቀመጡኝ።

ደብዳቤ ያዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም፣ ተናድጄ ነው። ንዴት እንኳን ትንሽ ሲቆይ ይበርዳል፤ የኔው ግን አንገሽግሾኝ፣ የተበላሸ ወተት አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የሆዴን ለአንቺ ካልዘረገፍኩ ለማን እዘረግፋለሁ ብዬ ይኸው በምሳ ሰዓት ማሽኔ ላይ ወረቀት ዘርግቻለሁ። የክር ብናኝ ካገኘሽበት እንዳትደነቂ።

ያቺን ክፍል ለምን እንደተከራየኋት ታውቂያለሽ። ከስፌት ቤቱ ጀርባ መስኮቷ ሰፊ፣ ኪራይዋም ቀለል ያለ ሌላ ክፍል ነበረች። እሷን ትቼ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የወጣሁት ለፍሪጁ ስል ብቻ ነው። እማዬ ለዓይኗ ሕክምና ስትመጣ ኢንሱሊኗ ቀዝቃዛ ቦታ ይፈልጋል፤ አንቺ እዚያ እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበርሻት ማሰሮ እየጠበቅሽ የምታኖሪላትን እኔ እዚህ በሰው አገር እንዴት እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ደላላውም ፍሪጅ ያለው ቤት ነው ብሎ ኪራዩን ከፍ ሲያደርግብኝ ዝም ብዬ ተቀበልኩ።

አከራይዋን ተከራዮቹ ሁሉ እማማ ቁልፍ ነው የምንላት። የሁሉንም ክፍል መለዋወጫ ቁልፍ በአንድ ቀለበት ሰክታ ወገቧ ላይ ስለምታንጠለጥል ከመምጣቷ በፊት ድምጿ ይመጣል። በፊቷ አንቱ እላታለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛልና እንዳትታዘቢኝ። የገባሁ ዕለት ፍሪጁን እየደባበሰች አደራ ዕቃዬን አለችኝ። እኔም እማዬ እንዳሳደገችን፣ ማንም ሰው እንደሚለው፣ አይስጉ፣ እንደ ራሴ ዕቃ ነው የምይዘው አልኳት። ደላላው በሩ ላይ ተደግፎ ጥርሱን ይጎረጉር ነበር። ይቺን ቃል ማን አስቦ ይናገራታል እታለም? እንደ እግዜር ይስጥልኝ ከአፍ የምትወጣ ነገር ናት።

ወር ሳይሞላኝ የራሷ ፍሪጅ ሞላባትና ፍሪዘሩን ለስጋዋ እንድለቅላት ጠየቀችኝ። ይሉኝታ ያዘኝና እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ እኔ ሥራ ስውል በቁልፏ እየከፈተች ትገባለች፤ ስመለስ በጠረግኩት ወለል ላይ የጫማዋን ዳና አገኛለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ወተቴ ጎድሎ አገኘሁት።

ከዕለታት አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ ሽታው ደረጃው ላይ ተቀበለኝ። በሩን ስከፍት ፍሪጁ ቀጥ ብሏል። ከሥሩ የወጣው ቡናማ ውኃ ወለሉን አቋርጦ ፍራሼን ነክቷል፣ ስጋዋ ላስቲኩ ውስጥ አብጦ ቀለሙ ተለውጧል። አፍንጫዬን በሻርፔ አስሬ ሦስት ባልዲ ውኃ ጨረስኩ። ያ ሽታ ሥራ ቦታ ድረስ ተከትሎኝ ሄዷል፤ አጠገቤ የምትቀመጠው የሸሚዝ ቁልፍ ተካይ ወንበሯን ሸሸት ስታደርግ አይቼ ማሽኔ ላይ አቀረቀርኩ።

እማማ ቁልፍ ስትመጣ ያንን ሁሉ ጉድ አየችና የመጀመሪያ ቃሏ ምን አድርገሽው ነው የሚል ሆነ። ማሠሪያውን እኔ መክፈል እንዳለብኝ ስትነግረኝ፣ ዕቃው የቤቱ ነው፣ በኪራዩ ውስጥም ተቆጥሯል አልኳት በትሕትና። እሷ ስልኳን አውጥታ ደላላውን ጠራችው። ደላላው መጥቶ ቆሞ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ፣ እንደ ራሴ ዕቃ ነው የምይዘው ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ መሰከረብኝ። ጨዋነቴን እንደ ፈረምኩበት ውል አውጥተው ከፊቴ ዘረጉት።

‹‹የራስሽ ዕቃ ሲበላሽ ማን ነው የሚያሠራልሽ?›› አለችኝ።

በዚህም አላበቃችም፤ የተበላሸውን ስጋዬንም ተኪ አለችኝ። ስጋ ሲቀመጥበት የሷ ፍሪጅ፣ ሲበላሽ የኔ ፍሪጅ። እታለም ሙች፣ ከስጋው ሽታ ይልቅ ይህ ነገሯ ነው የቀፈፈኝ።

ፍሪጅ ሠሪውን ያመጣችው ራሷ ናት። ዝምተኛ፣ ጣቶቹ የተለበለቡ ሰው ነው። ፍሪጁን አዙሮ ጀርባውን ሲያይ ትንሽ ቆመና መሣሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። እሷ ታች በር ሲንኳኳ ወረደች። ያን ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹እህቴ፣ ይቺን ቀዳዳ እኔው ነኝ የበየድኳት። ካንቺ በፊት ለነበረው አስተማሪ በየድኳት፤ ከሱ በፊት ለነበሩት ባልና ሚስትም በይጃታለሁ። ቱቦው ዝጎ አልቋል›› አለኝ። ማን ከፈለ ብለው፣ ተከራይ ነዋ አለኝ፣ እንደ መገረም እያለ። ደግሞ እንዳልነግርበት ለመነኝ፣ እኔም ቃል ገባሁለት፤ በዚያ ሰፈር ሥራ የምታመጣለት እሷ ናት፣ ልጆችም አሉት። የእናቴ ኢንሱሊን ሊቀመጥበት እንደሆነ ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ለወተት ይሆንሻል፣ መድኃኒት ግን አደራ እንዳትሰጪው አለኝ።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ከፈልኩ። የእማዬ ቀጠሮ ቀርቧል፣ አስወጥታኝ ሜዳ ላይ ብቀር እናቴን የት አሳርፋታለሁ ብዬ ቆጥሬ ሰጠሁ። እጄን እስከ ክንዴ በሳሙና ታጠብኩ፤ ግን ከሷ ይልቅ ራሴን ነበር የተጸየፍኩት። ፍሪጁ ዘጠኝ ቀን ሠርቶ በአሥረኛው ቀጥ አለ።

በአሥረኛው ቀን ግን ለቅቄ እወጣለሁ አልኳት። ለስጋዋ ብላ፣ ስገባ መያዣ ብዬ የሰጠኋትን ገንዘብ አስቀረች፤ ትብላበት። ዕቃዬን በጆንያ ስቋጥር ደላላው አንዲት ወጣት ነርስ ይዞ ቤቱን ሊያሳያት ገባ። ነጭ ጋውኗን ክንዷ ላይ አጥፋ፣ ልክ እንደ እኔ ሁሉን በፈገግታ እያየች ነበር። እማማ ቁልፍ ፍሪጁን ደባበሰችና አደራ ዕቃዬን አለቻት። ልጅቷ አፏን ስትከፍት ምን ልትል እንደሆነ አወቅሁ።

‹‹እንደ ራሴ እይዘዋለሁ እንዳትያቸው›› አልኳት። ‹‹እኔ ብዬ ከፍያለሁ።››

የፍሪጅ ሠሪውን ነገር አላነሳሁም፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። ነርሷ አንዴ እኔን፣ አንዴ ከፍሪጁ ሥር የቀረውን ቡናማ እድፍ አየችና አፏን ዘጋች። ደላላው ልቧ ክፉ ነው ሲል ሰማሁት፤ ስለ እኔ ይሁን ስለ ማን አልጠየቅኩም። ጆንያዬን ተሸክሜ ወረድኩ።

አሁን ያለሁት መጀመሪያ በተውኳት ክፍል፣ መስኮቷ ሰፊ በሆነችው ነው። አከራዬ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። አንድ አምፖልና አንድ ቧንቧ አሳይቶኝ አደራ ሲለኝ ያቺ ቃል በልማድ ምላሴ ላይ ደረሰች። መለስኳትና፣ እንደ እርስዎ ዕቃ ነው የምይዘው አልኩት። ሽማግሌው ሳቀ፣ ደግሞም ልክ ነሽ አለኝ።

ጋሼን ከነአናጢ መዶሻው፣ ወገቡን እንዳይጎዳ እያልኩ ሰላም በይልኝ። ትልቋ ልጅሽን፣ ያቺን ኩሩ፣ የምሰፋላት ቀሚስ ኮሌታው ብቻ ቀርቶታል በያት። ትንሹን ልጅሽን፣ ድምቡሼን፣ ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎታችንን ስለ ሳሉ ጠይቄዋለሁ በይልኝ። እማዬን ደግሞ ጉልበቷን ሳሚልኝና ቀጠሮው አልተሰረዘም፣ አልጋዋ መስኮቱ ሥር ተነጥፏል በያት። ፍሪጅ የለኝም። ጋሼ ሲያመጣት ማሰሮዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ይያዝልኝ፤ አሸዋውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ጎረቤት ቤት እየተሠራ ነው፣ ጠይቄ ፈቅደውልኛል።

ታናሽሽ

ከስፌት ቤቱ፣ ከኮሌታ ማሽኑ ላይ
ሚያዝያ ፲፬ ቀን፣ በምሳ ሰዓት