ለቅሶ የማይሰማበት ሰፈር

መስከረም 24፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ዛሬም ቤት ፍለጋ። ሦስተኛ ቅዳሜ። ጫማዬ ጭቃ ተሸክሞ ከእኔ ቀድሞ ደክሟል። ደላላው ሙሉቀን "ይኸኛውን ካልወደዱት እኔ ደላላ አይደለሁም" አለኝ። ባለፈው ቅዳሜም ይህንኑ ብሎ ነበር፤ እስካሁን ግን ደላላ ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩን ታውቀዋለህ። ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውሬ ጂኦግራፊ ማስተማር ከጀመርኩ ሳምንታት አለፉ። እማ ቡሬ ብቻዋን ናት። ልቧ ከደከመ ወዲህ እግሯ ያብጣል። ሐኪሙ ብቻዋን አትደር ብሏል። ሌላ ልጅ የላትም። አንድ ቀን ጎረቤት በር ገፍቶ ሲገባ... አልጽፈውም።

እንደ መምህርነቴ ለየሰፈሩ ማርክ ሰጠሁ። መናኸሪያ ጀርባ፦ ውሃ 7፣ መንገድ 9፣ ጸጥታ 1። ባጃጁ ግቢው ውስጥ የሚያድር ነው የሚመስለው። ቤ/ክ ሥር፦ ውሃ 4፣ መንገድ 6፣ ጸጥታ 5። ግድግዳው እርጥብ ነው። የእድሩ ጡሩምባ ደግሞ ቤቱን ስናይ እንኳ ተነፋ፤ ሙሉቀን የማይሰማ መስሎ ስለ ጣሪያው አወራኝ።

ማታ ለእማ በስልክ ደረደርኩላት። ውሃ፣ መንገድ፣ ጸጥታ። "ሰውስ?" አለች። ቤት የሚመረጠው በሚያለቅስልህ ሰው ነው ባይ ናት። አሁን ስለ መኖር እንጂ ስለ መሞት አናውራ አልኳት። ተቆጣሁ መሰለኝ።

መስከረም 25፣ እሑድ፣ ከምሳ በኋላ

ተገኘ።

ታችኛው ሰፈር ይሉታል። ትንሽዬ የድንጋይ ድልድይ ትሻገርና ማንጎ ዛፎች፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፣ የተጠረገ መንገድ። ያየኝ ሁሉ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሰላም አለኝ። የምታከራየው ዘርፌ የምትባል ወጣት እናት ናት፤ ባሏ መተማ ነው፣ እሷ ጨቅላ ታቅፋለች። ሁለት ክፍል፣ የግቢ ቧንቧ። ውሃ 9፣ መንገድ 7፣ ጸጥታ 10፣ ሰው 10። ውሻው እንኳ ቀስ ብሎ ነው የሚጮኸው።

ስለ እማ ብዬ እድር አላችሁ ወይ አልኩ። የእድሩ ዳኛ አያ ታደገ ራሳቸው መጡ። ሃምሳ ቢሆናቸው ነው፤ ነጭ ጋቢ፣ ለስላሳ አንደበት። ዕቃ ቤቱን ከፍተው አሳዩኝ። ድንኳኑ ከነላስቲኩ ነው። ትልልቆቹ ድስቶች ጥላሸት አልነካቸውም። አግዳሚዎቹ ላይ ማንም ተቀምጦ አያውቅም። እድሩ አዲስ ነው? አልኳቸው። እርስዎ ተማሪ ሳሉ የተቋቋመ ነው አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ለቅሶ አጋጥሞን አያውቅም።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ለእማ ነገርኳት። ወይ ተአምር ነው ወይ ውሸት ነው አለች፤ ለማንኛውም አይቼው ልሙት ብላ እሺ አለች።

መስከረም 30፣ ዓርብ

እማን አመጣኋት። የቡሬዋ አክስቴ መኪናውን ይዛ አልለቅም አለች። መንገዱ አንገጫገጨን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ቆመው ጠበቁን። ፍራሹን፣ ሣጥኑን፣ እማን፣ ሁሉንም ተሸክመው አስገቡ። እንዲህ ያለ ሰው በዘመኔ አላየሁም።

እድር ተመዘገብን። መዝገቡ ላይ ስም፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ቀጥሎ "መሄጃ" የሚል ዓምድ አለ። ችግር ሲመጣ የሚደወልለት ዘመድ መሰለኝና "ቡሬ፣ አክስት ቤት" ብዬ ሞላሁ። አያ ታደገ ስልክ ቁጥር አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ የአክስቴ ቤት በር ሰፊ እንደሆነ ነው። ሰፊ ነው አልኩ። ደስ አላቸው።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ

ጎረቤቶቻችን ያስቸግራሉ፣ በደግነት። አንዷ ወተት፣ አንዷ አብሽ፣ አንዱ እንጨት ፈልጦ። እማ ሰው ስትወድ ጉንጯ ይቀላል፤ ቀልቷል። ብቻ አንድ ነገር። ሲገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ፊቷን አይደለም፤ እግሯን ነው። ከዚያ ቀና ይሉና "እንደምን አደሩ እማማ" ይላሉ። ዛሬ ት/ቤት ስሄድ ሦስት ሰው አስቆመኝ። ሦስቱም እብጠቱ ጉልበት አልፎ እንደሆነ ነው የጠየቁኝ።

አላለፈም አልኩ። አመሰገኑ።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ፣ 4 ሰዓት

10ኛ ክፍል የሕዝብ ዕድሜ ፒራሚድ አስተምሬ የቤት ሥራ እያረምኩ ነው። የየሰፈራችሁን ሣሉ ብያቸው ነበር። የአንዷ ተማሪ፣ እዚሁ ታችኛው ሰፈር የምትኖር፣ ፒራሚዷ ጫፍ የለውም። ሃምሳ ገደማ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ቀይ እስክርቢቶ አንሥቼ ኤክስ ላደርግባት ነበር።

እጄን መለስኩ። ወጥቼ ደጃፍ ቆምኩ። ቆጠርኩ። ፀሐይ የሚሞቅ ሽማግሌ የለም። ከዘራ የለም። አልጋ ላይ ሆኖ የሚጣራ አሮጊት ድምፅ ከአንድም ቤት አይሰማም። ከገባን ወዲህ ያየሁት ሽበት የእማ ብቻ ነው።

ልጅቷን ከነፒራሚዷ አሥር ከአሥር ሰጠኋት።

ዘርፌን እናትሽስ የት ናቸው አልኳት። ተሸኙ አለች። ወዴት? ፈረስ ቤት ከተማ፣ ወንድሟ ዘንድ። አሁን እንዴት ናቸው ስል የልጇን ኮፍያ አስተካከለች። "ከዚያ ወዲያ አንጠይቅም፣ ጋሼ።"

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት ላይ ለእማ ልነግራት ቃል ስመርጥ እሷ ቀደመችኝ። ሴቶቹ ገና በሦስተኛው ቀን ነግረዋታል፤ በጨዋ ደንብ፣ እግሯን እያሹ። "ልጄ፣ ሞት የማይገባበት ሰፈር አይደለም ያመጣኸኝ" አለች፤ "የሚሞት ሰው የማይኖርበት ነው እንጂ።" ብላ ሳቀች። እኔ ጉርሻዬን ወደ ትሪው መለስኩ።

አያ ታደገ ዘንድ ሄድኩ። አልደበቁኝም፤ እንዲያውም ሳይነገርዎ ገቡ ወይ ብለው አዘኑ። ሰፈሩ ሲቆረቆር አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ድንኳኑ ሳይነቀል ጎረቤታቸው። የእሷ ሰልስት ሳይወጣ ሌላ። ለቅሶው ለቅሶ እየጠራ መጨረሻው ሕፃናት ላይ ደረሰ። ያኔ እድሩን አቋቁመው ተሳሉ፦ ከዚህ በኋላ ከድልድዩ ወዲህ እሪታ ላይሰማ። የደከመ ሰው ሳይብስበት ወደ ዘመዱ ይሸኛል። ስንቅ ተይዞ፣ ሰፈር ሙሉ ወጥቶ። "ማንንም አልጣልንም፣ መምህር። ዘመድ የሌለውን አናስገባም፣ እንዳይቸገር ብለን።"

መንገድ ላይ የሞተ የለም ወይ አልኳቸው።

"ከድልድዩ ወዲህ የለም" አሉ። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን መዝገባቸው አያውቀውም።

እኔ በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ የእናቴን መውጫ ጽፌ ሰጥቻቸዋለሁ። ስረዙልኝ አልኩ። መዝገብ አይሰረዝም አሉኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለሙሉቀን ደወልኩ። የመናኸሪያው ተይዟል። የቤ/ክ ሥሩም ተይዟል። ይህን ሰፈር ስታሳየኝ ታውቅ ነበር ወይ አልኩት። እናት እንዳለዎት አልነገሩኝም አለ። እውነቱን ነው፤ ስለ ውሃና ስለ መንገድ ብቻ ነበር ያወራሁት።

ሐኪሙ መጥቶ አያት። ውጭ ጠርቶ፣ አሁን ምንም መንገድ አትችልም፣ አልጋዋ ላይ ትረፍ አለኝ። መድኃኒቱን ሳይሆን እኔን ነው ያየው። ገባኝ።

ስመለስ እማ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። አባትህ የተቀበረ ዕለት የቡሬ ገበያ ተበትኖ ነበር አለችኝ። አውቃለሁ አልኩ። እኔ ገበያ በትኑልኝ አልልም አለች። "ግን እንደ ሌባ ለቅሶዬ ሳይሰማ እንዳታወጣኝ።" እንደዚያ አይሆንም አልኳት። ማልልኝ አለች። በእሷ ስም ማልኩላት።

ጥቅምት 20፣ ኀሙስ

እብጠቱ ጉልበቷን አለፈ። ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው ሞልቷል።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። አያወሩም። ማንም በሩን አልገፋም፤ ማንም አልተጣደፈም። ዘርፌ ለእማ አጥሚት ሠርታ በእጄ ሰጠችኝ። ቃሬዛው ማንጎው ላይ ተደግፏል። እጀታው በእጅ ብዛት አብረቅርቋል። እዚህ ሰፈር ያረጀ ዕቃ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

አያ ታደገ ተነሥተው ሰላም አሉኝ። ሲመችዎ፣ ብለው ተቀመጡ።

ት/ቤት አልሄድኩም። ቀኑን ሙሉ በመስኮቱ አየኋቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ግማሾቹ ሄዱ፤ ሌሎች መጥተው እዚያው ቦታ ላይ ተቀመጡ። እንደ ፈረቃ። ፈራሁ ደብተሬ፤ የፈራሁት ግን ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ክፉ ቢሆኑ ዱላ አነሣ ነበር።

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ፣ ጠ. 2 ሰዓት

እማ ሞተች።

ከአንድ ሰዓት በፊት። ጎህ ሲቀድ ውሃ ጠየቀችኝ፣ ሁለቴ ጎነጨች። እጄን ይዛ ነበር። ከዚያ ትንፋሿ ራቅ ራቅ እያለ መጣ፣ አንዱን ስጠብቅ ቀረ። ዓይኗን ከደንኩ። አገጯን በነጠላዋ አሰርኩ። እስካሁን አላለቀስኩም። ድምፅ ካወጣሁ እንደሚሰሙኝ አውቃለሁና አፌን በጋቢዬ ይዤ ተቀመጥኩ። እናቱ ሞታ አፉን የሚይዝ ሰው ሆንኩ።

2፡20

ዘርፌ በመስኮቱ መጣች። ልጇን ታቅፋለች። አልነገርኳትም፤ ፊቴን አይታ አወቀች። አላለቀሰችም፤ ከንፈሯን ነከሰች። "ድልድዩ ድረስ ብቻ፣ ጋሼ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ከዚያ እኛም አብረን እናለቅሳለን፣ በእናቴ ሞት።" ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ይስቃል። አንድ ጥርስ አውጥቷል።

ሩብ ሰዓት። ምን አለበት? እማ አሁን አትሰማም። ስለቱን አላምንበትም፤ ጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ግን ልጁ መልሶ ሳቀ። እሺ ልል ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር።

ቀና ስል አያ ታደገ ቃሬዛው ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈዋል። ትራስ አድርገዋል። በሕይወት ላለ ሰው እንደሚደረገው። እዚያ ላይ አስተኝተው፣ እያናገሯት፣ "እማማ አይዞዎት፣ ደረስን" እያሉ ሊወስዷት ነው። ስንቱን እንዲህ እያናገሩ ወስደዋል? የዘርፌን እናትስ?

አይሆንም።

2፡45

ወጥቼ ነገርኳቸው። በቀስታ ነው የነገርኳቸው፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እኔም ሰፈርተኛ ሆኛለሁ መሰል። እናቴ አርፋለች፣ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አትልም፣ እዚሁ ይለቀስላታል አልኩ። የፈራ ልጁን ይዞ ይሻገር፤ እታገሣለሁ።

የተቆጣኝ የለም። አያ ታደገ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። ተነሡ። አንድ በአንድ፣ ኮቴ ሳያሰሙ። ከየቤቱ ሕፃናት ወጡ፣ በእቅፍ፣ በጀርባ፣ አንዳንዱ ገና እንቅልፍ ላይ። ዘርፌ የመጨረሻዋ ነበረች። በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

3፡10

ሰፈሩ ባዶ ነው። ቧንቧው ይንጠባጠባል። በሮቹ ሁሉ ተከፍተዋል። ከዚህ ከደጃፉ ሆኜ ይታዩኛል፤ ከድልድዩ ማዶ ተሰልፈው ቆመው ወደዚህ ያያሉ። ማንም አልተቀመጠም። ዛሬ የተሸኙት እነሱ ናቸው፤ የቀረነው እኔና እማ ነን።

ብቻዬን አልቅሼ አላውቅም። ወንድ ልጅ ሙሾ አያወርድም ይላሉ፤ ይበሉ። ሰማንያ ተማሪ ጸጥ የሚያሰኝ ድምፅ አለኝ። ድልድዩ ሩቅ አይደለም። እዚያ ድረስ መድረስ አለበት፤ ማዶ የቆመ ሁሉ ዓለሚቱ የምትባል ሴት እንደኖረችና እንደሞተች መስማት አለበት። ከነሱ አንዱ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ ጆሮውን ባይዝ ይበቃኛል።

መስኮቱን ከፈትኩ። በሩንም። አሁን እስክርቢቶውን አስቀምጬ