ፒያኖ የለመደ ጆሮ

አዲስ አበባ፣ ግንቦት ፲፱ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ውድ የኔታ ወልደ ጊዮርጊስ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉባኤውስ? ዓይንዎ ከደከመ ወዲህ ደብዳቤ በሰው አፍ እንደሚሰሙ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የምጽፈውን ለሌላ ሰው ብዬ አላለዝበውም። ነጋዴው ማሩ ከእስቴ መጥቶ መልእክትዎን አደረሰኝ። «ደክሞኛል፤ ይምጣና ወንበሬን ይቀበለኝ፣ ድጓው ባለቤት አይጣ» ብለዋል አለኝ። መልስ ሲጠብቅ «በደብዳቤ እመልስላቸዋለሁ» አልሁት። እሱም የከተማ ምቾት ያሳሳኝ መስሎት አዝኖብኝ ሄደ።

ወንበሩን መቀበል አልችልም፣ የኔታ። ጆሮዬ ተበላሽቷል።

ድጓውን ከእግርዎ ሥር ዘልቄ፣ ድጓ በሚመሰከርባት በቤተልሔም አስመስክሬ ስመለስ «እንግዲህ ሞቴን አልፈራም» ያሉኝን አልረሳሁም። ከዚያ አዲስ አበባ መጣሁ፤ ድምፄን የሰሙ ሰዎች ለሙዚቃ ትምህርት መረጡኝና መንግሥት ቪየና ላከኝ። ፒያኖ ያስተማሩኝ አሮጊት በእጄ ጀርባ ላይ ሳንቲም አስቀምጠው «ሳትጥለው ተጫወት» ይሉኝ ነበር። ጣትም እንደ ወይፈን ነው፤ ካልተገራ ፈር አይዝም። እኔም ተገራሁ፤ ተመልሼም አስተማሪ ሆንሁ።

ባለፈው ጥር ለክብረ በዓሉ ስመጣ ስለ ፒያኖው ጠይቀውኝ ነበር።

«ያ ሣጥን ሰው ሲሳሳት ይናገራል?»

«አይናገርም የኔታ። የነኩትን ይመልሳል እንጂ።»

«እንግዲያ ተማሪህን ማን ያቀናዋል?»

«እኔ ነኛ።»

«አንተንስ?»

ያን ጊዜ ሳቅሁ። አሁን ግን አያስቀኝም።

የፒያኖ ቁልፎች እንደ ደረጃ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ይረገጣል እንጂ በመካከላቸው መቆሚያ የለም። እርስዎ በአራራይ ሲያዜሙ ድምፅዎ የሚያርፍባት ቦታ ግን እዚያው መካከል ናት። እኔ ቀኑን ሙሉ ደረጃውን ስሰማ እውላለሁ። በዚያው በጥር በዓል ማኅሌት «ምራ» ሲሉኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጀመርሁ፤ ያቺን ቦታ ስቼ ደረጃው ላይ ወጣሁ። ራሴን ሰማሁት፤ መመለስ ግን አቃተኝ። ድሮ ስሳሳት በመቋሚያዎ ጫፍ ጉልበቴን ነክተው፣ አቁመው፣ ከመጀመሪያው ያስጀምሩኝ ነበር። ያን ዕለትም ጉልበቴ መቋሚያውን ጠበቀ። አልመጣም። ሲነጋም እርስዎ «ድምፅህ አማረ» አሉኝ።

ይቅር ይበሉኝና፣ ራርተውልኝ ነው ወይስ አልሰሙትም? ለስሕተት የሚራሩ ሰው አልነበሩም። ከጥር ጀምሮ ይህ ነገር እንቅልፍ ነሥቶኛል። እኔ ወንበሩ ላይ ብቀመጥ ተማሪው ስሕተቴን ትምህርት ብሎ ይይዘዋል፤ እሱም በተራው ለሌላው ያወርሰዋል። አንድ ቀን ያቺ ቦታ እንደነበረች እንኳ የሚያውቅ አይገኝም። ይህን በጆሮዬ ሰምቼ፣ በእጄ አላደርገውም።

ያን ዕለት የሰማ ሰው ግን ነበር፤ አብሮኝ የተማረው ተሻገር። ከጎኔ ቆሞ ያን ጎርናና ድምፁን ከድምፄ በላይ አነሣና ሁላችንንም ቀስ ብሎ ወደ ቦታው መለሰን። ሰዉ መሪነት የተሻማኝ መስሎት ታዘበው። እርስዎም «ምነው፣ እንደ አህያ አታናፋብን እንጂ!» ብለው ተቆጡት። እሱ ጎንበስ ብሎ «ይማሩኝ የኔታ» አለ እንጂ አላጋለጠኝም። እኔም አብሬው ዝም አልሁ።

«ወንበር ድምፅ ይሻል» ሲሉ ስለኖሩ ተሻገርን ለወንበሩ እንደማያስቡት አውቃለሁ። እኔም እዚህ ጣተ ፈጣን ተማሪዎችን እየመረጥሁ ነበር የጀመርሁት። አሁን ፒያኖውን ከድኜ «መጀመሪያ በአፋችሁ አዚሙት» እላቸዋለሁ። ፈረንጁ አለቃዬ «ይህ የቄስ ትምህርት ቤት ነው እንዴ?» እያለ ያሾፍብኛል። አልተሳሳተም፤ የማስተምረው እርስዎ ቤት የተማርሁትን ነው።

ስንዱ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ጣቷ ደረቅ ነው፤ ስትጫወት ገብስ የምትወቅጥ ትመስላለች። ስትሳሳት ግን እኔ አፌን ሳልከፍት እጇን ታነሣለች። «ቆይ ጋሼ፣ እሱ አይደለም» ብላ ትመለሳለች። ፈጣኖቹ ስሕተታቸውን አሳምረው ያልፉታል። ነገ ክፍሌን ለሰው አስረክብ ቢሉኝ የማስረክበው ለእሷ ነው።

ስለዚህ ወንበሩን ለተሻገር ይስጡት። ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እመጣለሁ፤ ከእሱ እግር ሥር ከልጆቹ ጋር ተቀምጬ ድጓውን ከአፉ እየተቀበልሁ እንደ አዲስ እቀጽላለሁ። መቋሚያዎንም ያውሱት፤ ስሳሳት ጉልበቴን ይንካኝ። ጆሮዬ ይመለስ አይመለስ አላውቅም። እርስዎ በሕይወት ሳሉ ልሞክረው ግን እፈልጋለሁ።

ይህን የሚያነብልዎ ሰው ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ተሻገር ወንድሜ፣ ስለ አንተ የተጻፈው ላይ ስትደርስ ዘለኸው ይሆናል። እዚያ ቤት የዘለለ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ተመለስና ከመጀመሪያው አንብብላቸው።

ጉልበትዎን የምስም ልጅዎ፣
አንዳርጌ