ማሙሸት ይሄይስ፣ አንደኛውና ሁለተኛው

ውድ ሞክሼ፣

ካረፍክ ዛሬ ሃምሳ አንድ ቀን ሆነህ። ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ ዓይነት ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ፤ በሕይወት እያለህም ከ«የት ነህ?» የረዘመ መልእክት ልኬልህ አላውቅም። ግን ከአንተ ለቅሶ በፊት የእኔ ለቅሶ ተለቅሶ እንደነበር ሳትሰማ ነው የሄድከው። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ ብዬ ነው።

ስማችን አበበ ከበደ ቢሆን ማንንም ባልገረመ ነበር። ማሙሸት ይሄይስ ግን ተክለ ሃይማኖት ሰፈር፣ በአንድ እድር ውስጥ ሁለት ሲሆን ሰው ይስቃል። የምንነግድበት ዱባይ ተራ እኔን «ማሙሸት ጫማ»፣ አንተን «ማሙሸት ብርድ ልብስ» ብሎ ገላገለን። አባቶቻችንን ተክተን እድር የገባን ዕለት ደግሞ ዳኛው ጋሽ ሀብተ ወልድ መዝገቡ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንተን «አንደኛው»፣ እኔን «ሁለተኛው» ብለው ጻፉን። ሳምንቱን ሙሉ ተኮፈስክብኝ። ለአንተ የተላከ የሠርግ ጥሪ ለእኔ ሲደርስ ኖሯል፤ አንዱን ሠርግ እንዲያውም ሳልነግርህ ሄጄ በልቼልሃለሁ። አሁን ብነግርህ ምን ታደርገኛለህ።

ባረፍክበት ሳምንት ሐሙስ ጫማ ጭኜ ጅማ ስወርድ ተራው በሙሉ አይቶኛል፤ ከተሸካሚዎቹ ጋር በካርቶን ቁጥር ስጨቃጨቅ ያልሰማኝ የለም። አንተ ቅዳሜ ሳይነጋ መነሳትህን ግን ከእኔ በቀር ያወቀ አልነበረም። ረቡዕ ዕለት ሱቄ መጥተህ፣ «አጋሮ ልሄድ ነው፣ ፀደይ ጋ። እማዬ ቅዳሜን ሱቅ የማድር ነው የሚመስላት። ካንተ አፍ እንዳይወጣ» አልከኝ። እናትህ ሌላ ልጅ እንደመረጡልህ ስለማውቅ «እሺ» አልኩህ። በዚሁ ተለያየን።

የተሳፈርክበት መኪና ጅማ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ተገለበጠ። መታወቂያህን ከኪስህ ያገኘ ሰው በስልክ አነበበው፤ ማሙሸት ይሄይስ፣ አዲስ ከተማ፣ ነጋዴ። ፎቶ በስልክ አይነበብም። ወሬው ከሰው ሰው ተቀባብሎ ጋሽ ሀብተ ወልድ ጋ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ብዙ አላሰቡም፤ እነሱ የሚያውቁት፣ ጅማ መንገድ ላይ ያለው ማሙሸት እኔ ብቻ ነበርኩ። ስልኬን ዓርብ ዕለት ጅማ መናኸሪያ ሰርቀውኝ ስለነበር ቢደውሉም የሚያነሳ አልነበረም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ለእናቴ መርዶ ነገሯት። አስከሬኔን የሚያመጡ ሰዎችም በዚያው ተላኩ።

እኔ ምንም ሳልሰማ ከጅማ ተመልሼ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሲኒማ ራስ ወረድኩ። መጋረጃ ነጋዴው ጀማለዲን ፊት ለፊት ተገጣጠመኝና ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ላ ኢላሃ ኢለላህ! አንተ ነህ? ከድንኳንህ መምጣቴ እኮ ነው! ሁለት ሰዓት ሙሉ አልቅሼልህ!»

«የምን ድንኳን?»

መታወቂያውንም፣ መኪናውንም፣ ጅማ መንገድንም ነገረኝ። ሳይጨርስ ገባኝ። ይህን ለአንተ ካልነገርኩ ለማንም አልነግርም፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እኔ አለመሆኔ ነው የተሰማኝ። እግሬ ሁለት፣ እጄ ሁለት፣ ሞቅ ያለ ፀሐይ አናቴ ላይ። ደስ አለኝ ሞክሼ። ከዚያ በኋላ ነው አንተ መሆንህን አስቤ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ የተቀመጥኩት።

«ምን ትጠብቃለህ? እናትህ እኮ ልታልቅ ነው!» አለ ጀማለዲን።

እናቴን ሳላስብ ቀርቼ አይደለም። ግን እናትህ እትዬ ባይነሽ እዚያው ድንኳን ውስጥ እናቴን ደግፈው እንደተቀመጡ ነግሮኛል። እኔ ብቅ ካልኩ አንተ ሞትክ ማለት ነው። በጀማለዲን ስልክ ጋሽ ሀብተ ወልድን ጠራኋቸው። ኩታቸውን እንዳዘቀዘቁ መጡ፤ ፊቴን በሁለት እጃቸው ዳበሱ፤ ቀጥሎ ጅማ የሄድከው አንተ እንደሆንክ ስነግራቸው እጃቸውን ከፊቴ አነሱ።

«ስማኝ ልጄ። መርዶ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው መሀል አይነገርም። ዘመድ ይሰብሰብ፤ ለባይነሽ ጎህ ሲቀድ በወጉ እንነግራታለን። አንተ ግባ፣ ወሬው ስህተት ነበር እንላለን፤ ስለ እሱ ግን እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትል» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እናቴ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ እልል ያሉት እትዬ ባይነሽ ናቸው። ለራሳቸው ልጅ እንደሚሉት ነው ያሉት፤ ከመቀመጫቸው ዘለው፣ ሻሻቸው ወድቆ፣ ድምፃቸው እስኪዘጋ። የቀረው ሰው ተከተላቸው። ሲበርድላቸው ዞር ዞር ብለው አዩና፣

«የእኔው ልጅ የት ሄዶ ነው ይህን ያላየ? ለቅሶህ ላይ እንኳ አልደረሰም እኮ!» አሉኝ።

ጋሽ ሀብተ ወልድ መሬት መሬቱን አዩ።

«ሱቅ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

ሲመሽም ስልክህ እምቢ ሲላቸው እኔ ጋ መጡ። «ዕቃ ገብቶለት እዚያው ሊያድር ነው» አልኳቸው። ራትህን ከድነው ተኙ። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በራችሁን አንኳኩ። ድንኳኑ ከእኛ ግቢ ተነቅሎ እናንተ ግቢ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሮቹንም ከሰው ጋር ሆኜ ያሻገርኩት እኔ ነኝ። መዝገቡ ላይ አሁን አንተ ተሰርዘሃል። ገበያውም «ጫማ» ማለቱን ትቷል፤ ማሙሸት ብቻ ነኝ። የሚያምታታ የለማ።

ከቀብርህ ወዲህ እናትህ ሰላምታዬን በአንገታቸው ብቻ ነበር የሚቀበሉት። ትናንት ግን ሰው ልከው አስጠሩኝ። ሳልቀመጥ ነው የጀመሩኝ።

«ሱቅ ነው አልከኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«እሱንስ ሽማግሌዎቹ አዘውህ ነው። እልል ስል ለምን አፌን አልያዝከኝም? ልጄ በድን ሆኖ ተኝቶ፣ እኔ እናቱ እልል ስል ሰፈር አየኝ።»

እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«ሁለተኛ እንዳትዋሸኝ። ጅማ ምን ሊያደርግ ሄደ?»

የሰጠሁህን ቃል አሰብኩ። ከዚያ ነገርኳቸው፤ ስሟን፣ አጋሮ አስተማሪ መሆኗን፣ ሁለት ዓመት እንደቆያችሁ፣ እሳቸውን ፈርተህ እንደደበቅሃት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ።

«ለእሷስ ማን ነገራት?» አሉ።

ማንም አልነገራትም፣ ሞክሼ። እድርህ አያውቃትም፤ ዘመዶችህ አያውቋትም። የማውቃት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ሃምሳ ቀን ሙሉ ስለ ራሴ ሳስብ ነው የከረምኩት።

«እንግዲህ ቀረብኝ ብላለች» አሉ እናትህ። «ልጄ ሰው አስጠብቆ የሚቀር ነው?» ተነስተው ጥቁር ነጠላቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። «አጋሮ ማደሪያ ይገኛል?»

«ይገኛል።»

«ነገ ወስደህ አድርሰኝ። እዚያ እናድርና ጎህ ሲቀድ እንሄድባታለን። አንተ ምንም እንዳትናገር። እኔ ነኝ የምነግራት።»

ምስጢርህን አውጥቻለሁና ከቻልክ ይቅር በለኝ። መኪናው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይነሳል፤ እናትህ ከእኔ ቀድመው መናኸሪያ ደርሰዋል።

ሞክሼህ፣
ማሙሸት ይሄይስ