አረንጓዴ ክር፣ ቀይ ክር

ይድረስ ለወንድም ዓለም ኑርሁሴን ባድሩ፣
ሻርጃ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድምዬ እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ እንቅልፍህ እንዴት ነው? ያ የሥጋ መቁረጫው ማሽን የቀመሰው አውራ ጣትህ ዳነልህ ወይ? መሪማስ እንዴት ናት? ሰሚሃዬ ጥርስ አወጣች? እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። እማዬን ብርድ ሲገባ ጉልበቷን ያማታል እንጂ አፏ እንደምታውቀው ነው፤ አንድም ቀን አያርፍም።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ አስጻፋት እንዳትል። በስልክ ሁለት ጊዜ ጀምሬው ድምፄ ቁርጥ ቁርጥ ሲልብኝ ኔትወርክ ነው ብለህ ዘጋኸው። ኔትወርክ አልነበረም፣ እኔ ነበርኩ። የጎረቤታችን ልጅ ሀምዳን ወደዚያ ሲመለስ ነገሩን ጨማምሮ ከሚነግርህ፣ ደብዳቤዬን ይዞልህ ይምጣና ከእኔ ስማው ብዬ ነው።

ከጓደኛዬ ከስህን ጋር የከፈትነውን የሳንዱች ቤት እንዴት እንደምንይዘው ከዚያ ሆነህ ያስተማርከኝን አልረሳሁም። የታሸገውን ሥጋ፣ ሞርታዴላውን፣ በአንዴ አትቆራርጪው፣ የዕለቱን ብቻ በስሱ ቁረጪ ብለኸኛል። የተቆረጠው ከሦስት ቀን አይለፍ፣ በሩ ላይ ሳይሆን ውስጥ ብርዱ ከሚበረታበት አኑሪው፣ ላብ ካወጣ ላስቲኩን ቀይሪ፣ ሽታው ደኅና ነው ብለሽ አትመኚው፣ ዳቦው ውስጥ የምትከቺው ገዢው ቆሞ ሳለ ነው ብለኸኛል። ሁሉንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ለየብቻ ፍሪጅ ያዙ፣ ሁለተኛውን እኔ እልካለሁ ያልከውን ግን አልሰማሁህም። አንድ ቤት ሆነን ሁለት ፍሪጅ ምን ያደርግልናል ብዬ ናቅሁት።

እንደምታውቀው የእኔ የእስላም ሥጋ ነው፣ የስህን የክርስቲያን። ሁለታችንም ደሴ ድረስ ወጥተን ከየራሳችን ነጋዴ እናመጣለን። በሠርጉም በለቅሶውም ሁለት ድስት ሲጣድ አይተን ስላደግን እኛም ሁለት ቢላ፣ ሁለት መክተፊያ ያዝን። ላይኛው መደርደሪያ የእኔ፣ ታችኛው የእሷ ሆነ። የእኔ እሽግ በአረንጓዴ ክር፣ የእሷ በቀይ ክር ይታሰራል። ክሩ አባዬ ልብስ ሲሰፋ የሚተርፈው ነው። ገዢው ገና ከመጠየቁ በፊት ክሩን ያያል። ዓመት ሙሉ ክፉ ቃል ሰምተን አናውቅም።

የግሸን ንግሥ ባለፈ ሰሞን ተመላሹ መንገደኛ በዛና ስህን ሐሙስ ዕለት ከወትሮው አብዝታ ቆረጠች። አርብ ለእነሱ ጾም ስለሆነ የተረፈውን ለቅዳሜ አስቀምጣ ሄደች፤ አርብ አርብ ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ነው የምውለው። ጠዋት መብራት ሁለት ሰዓት ያህል ጠፍቶ ሲመጣ ፍሪጁን ብከፍት ሁለቱም እሽግ ላብ አውጥቷል። ምክርህ ትዝ አለኝ። አወጣሁና ላስቲኩን ገፍፌ፣ አደራርቄ፣ በአዲስ ጠቀለልኩት፤ ፍሪጁንም ወለወልኩት። በሥራዬ ኮርቼ ነበር ብልህ ታምነኛለህ? ክሮቹን ከአሮጌው ላስቲክ ጋር ጠቅልዬ ጥያቸው ኖሯል።

ከጁምዓ ሶላት በኋላ አባዬ እንደ ልማዱ መጣና ቃሪያ አብዢበት አለኝ። ከላይኛው መደርደሪያ አንስቼ ሠራሁለት። በላ፣ እጁን ታጠበ፣ ዱዓ አድርጎልኝ ሄደ። ያን ቀን ከዚያ እሽግ የበላ እሱ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ስህን ፍሪጁን ከፈተችና ቀዩ ክሬስ የታለ አለችኝ። ክሮቹን መጣሌን ያኔ ነው ያወቅሁት። ሁለቱን እሽግ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋናቸው። መልኩም አንድ፣ ሽታውም አንድ፣ ሁለታችንም የምንቆርጠው በስሱ። ስታስገቢ የትኛውን ላይ አደረግሽ ብትለኝ ትዝ አላለኝም። ሁለቱንም ለውሻ ጣልነው።

ወንድምዬ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ዝም ልል ነበር። ማን ያውቅብኛል? የበላው የራሴን ሊሆንም ይችላል። ስህን ናት እንቢ ያለችው። እኔ በጾሜ ሳላውቅ ሥጋ ብበላና አንቺ አውቀሽ ብትደብቂኝ በምን ዓይኔ አይሻለሁ አለችኝ። አብሬሽ ልሂድ አለች፤ ብቻዬን ሄድኩ።

አባዬ የስፌት መኪናው ላይ ነበር። እያለቀስኩ ነገርኩት። እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሳ። ከዚያ አንቺም ሳታውቂ፣ እኔም ሳላውቅ ነው፤ አላህ መሓሪ ነው ብሎኝ ስፌቱን ቀጠለ። ቃሉ ይቅር ያለኝ ይመስላል፣ ፊቱ ግን ልክ አልነበረም።

በሚቀጥለው አርብ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለውም ቀረ። ቤት ውስጥ ይጫወታል፣ ይስቃል፤ ወደ ሱቁ ግን ዝር አላለም። እማዬ የሐይቁን ዓሣ ብትሸጡ ምን ነበረበት፣ ዓሣን ማን ባረከህ የሚለው የለ እያለች ልታስቀኝ ሞከረች። ከመስጊድ የሚወጣው ሰው ባድሩ የልጁን ሳንዱች ተወ አለና እሱም ተወ። ስህን አንድ ጠዋት የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረችልኝ። እኔ ልውጣልሽ፣ አባትሽም ገበያሽም ይመለሱልሽ አለች። ቁልፉን መልሼ ኪሷ ከተትኩት፤ ከስድስት ዓመታችን ጀምሮ አብረን ነን፣ ወዴት ትሄዳለች?

ከትናንት ወዲያ አርብ ስህን መውጣቷ ላይ ጸንታ ዕቃዋን ልትለይ መጥታ ሳለ፣ ሰዉ ከመስጊድ በሚወጣበት ሰዓት አባዬ በበሩ ገባ። በብብቱ የያዘውን ዘረጋው፤ ስምንት የአቡጀዲ ከረጢት ሰፍቷል። የአራቱ አፍ በአረንጓዴ ክር፣ የአራቱ በቀይ ክር ደርዝ ተመቷል። ላስቲኩ ቢጣል ይኸኛው አይጣልም አለን። ደግሞ ለስህን ቀዩ በደንብ ይታያል ወይስ ላድምቀው ብሎ ጠየቃት፤ ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። ወደ እኔ ዞሮ ሁለት አርብ የቀረሁት ተቆጥቼ እንዳይመስልሽ አለኝ። ልቤ ደፍርሶብኝ ነበር፤ ሳይጠራልኝ መጥቼ ብበላ ኖሮ ለሰው ዓይን ብዬ ነበር የምበላው አለ።

ከዚያ ወንበሩን አወጣና አላፊ አግዳሚው ከሚያየው ከደጁ ላይ ተቀመጠ። ቃሪያ አብዢበት አለኝ።

ወንድምዬ፣ ሁለተኛውን ፍሪጅ አትላክልን። አንዱ ይበቃናል።

መሪማን በጣም በጣም ሰላም በልልኝ፤ ያቺን ሰሚሃን ደግሞ ጉንጯን ሳምልኝ። እማዬ ሰላም ትልሃለች፤ ጣቱን ይጠብቅ በይው ብላለች። አባዬ ሰላምታውን ከዱዓ ጋር ልኮልሃል፤ ከተረፈው አቡጀዲ ለሰሚሃ ቀሚስ ሰፍቶ ለሀምዳን አስይዞታል፣ አንገቱ ላይ ሁለቱንም ክር ታገኛለህ። ስህንም እዚሁ አጠገቤ ሆና፣ ቀይ ክሯን እያሳየችኝ፣ ሰላም በይልኝ ትላለች።

እህትህ ዋሲላ ባድሩ
ሐይቅ፣ ጥቅምት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.